የኮሌጁ ጸደይ፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ በዓልና መምህራኑ

የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍል ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ጸደይ ይለዋል፤ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ ይህ ወራት የትምህርቱ ዘመን የሚገባደድበት፣ ፈተናው የሚቃረብበት፣ ከፈተናው አስቀድሞ ግን ተማሪው የሐሳቡን ምርት በግጥም አሰናድቶ ለአደባባይ የሚያቀርብበት ነበር። «የኮሌጅ ቀን» የተባለው ዓመታዊ በዓል የስፖርት ውድድሩም ጭፈራውም ያልተለየው ቢሆን፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ዛሬ የሚነሣው በመድረኩ ላይ በተነበበው የአማርኛ ግጥም ነው።

ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሲከፈት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆኑት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት በፕሬዚዳንትነት ይመሩት ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ መምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከተማሪዎቹ መካከል ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በቅኔ ቤት ያለፉ፣ ወይም አባቶቻቸው የቅኔ ሊቃውንት የነበሩ ጥቂቶች አልነበሩምና፣ ግጥምን በአደባባይ ቆሞ መናገር ከውጭ የመጣ እንግዳ ልማድ አልነበረም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ስሕተቱን ያርሙለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ተማሪው የሚማረው የግእዝን ሰዋስው ብቻ ሳይሆን፣ በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ መገሠጽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያሰበውን በሰው ፊት ቆሞ ለመናገር የሚያበቃውን ድፍረት ነው። መኳንንት በቤተ መቅደስ ቆመው እነርሱን የሚነካ ቅኔ ሲዘረፍ ይሰሙ ነበር፤ ቅኔው ያማረ እንደ ሆነ ተግሣጹን በትዕግሥት መቀበል የጨዋ ወግ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የኮሌጁ የግጥም መድረክ የበቀለው ከዚህ ሥር ነው፤ ታላቅ ኃይሉንም ያገኘው ከዚሁ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ያነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ለሙከራው ድጋፋቸውን ለመግለጽ በሰልፍ የወጡት የኮሌጁ ተማሪዎች በፍርሃትና በቁጭት መካከል ቀሩ። ከዚያ በኋላ ገና ጥቂት ወራት እንዳለፉ በመጣው የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አነበበ። የግጥሙ ብልሃት ከርእሱ ይጀምራል፤ ስለ ደሃው የሚያዝን ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ደሃው አፍ አውጥቶ ይናገራልና። እስከዚያ ዘመን ድረስ ለበዓል የሚጻፈው ግጥም አብዛኛው የውዳሴና የምርቃት ስለ ነበር፣ ይህን የሰማ ሁሉ አንድ ዘመን ተዘግቶ ሌላው እንደ ተከፈተ ማስተዋሉ አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱም ተቀምጠው ሰሙ፤ የቀድሞው የትዕግሥት ወግ በዚያ ቀን ገና አልፈረሰም ነበር።

ትዕግሥቱ ግን ብዙ አልቆየም። በተከታዩ ዓመት የቀረቡት ግጥሞች ተግሣጻቸው እየበረታ ሲሄድ ባለሥልጣኖቹ ተቆጡ፤ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ፤ ተማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ የሚመክርበት የአዳሪነት ሥርዓትም እንዲቀር ተደረገ። ያ እርምጃ ለገጣሚውም ለመንግሥቱም አልበጀም ብዬ አምናለሁ። በግጥም የተነገረ ብሶት መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ እገዳ ሲሆን ያው ብሶት ግጥሙን ትቶ በወረቀትና በሰልፍ ይመጣል፤ የመጣውም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው» በሚለው ግጥሙ ያነሣው ጥያቄ፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «ገሞራው» በ«በረከተ መርገም» የለቀቀው እሳት፣ ከታምሩ ፈይሳ የደሃ ድምፅ እጅግ የራቀና የመረረ ነበር። ገሞራው ራሱ በኋላ በቻይናና በስዊድን ሲንከራተት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. በስደት አረፈ፤ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የጠጣ ያ ብርቱ ሊቅ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ዘርግቶ ሳያስተምር መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጥተው ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲሆን፣ ኪነ ጥበቡ ከዓመት በዓልነት አልፎ የራሱን ቤት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ፤ ትውልዱ ከግብፅ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብም በዚያ ሳለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የዚህን ሥራ ክብደት ለማየት መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል። ማሲንቆው የአዝማሪ ነው፤ ባለ አንድ ጭራ ክሩ ከተጫዋቹ ድምፅ ጋር ብቻ ሲነጋገር ኖሯል። በገናው የዳዊት ተብሎ የተከበረ፣ በዐቢይ ጾም በቤት ውስጥ ለጸሎት የሚደረደር ባለ ዐሥር አውታር ነው። እምቢልታው ደግሞ የመኳንንት ሰልፍ ማጀቢያ ነበር፤ አንዱ እምቢልታ ለብቻው ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ አያወጣምና፣ ሦስቱ ነፊዎች ተራቸውን እየጠበቁ፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ ካልነፉ ዜማው አይሞላም። በየማኅበራዊ ማዕረጉ ተለያይተው የኖሩትን እነዚህን ከክራር፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጋር በአንድ መድረክ ማስቀመጥ፣ የአዝማሪውንና የደብተራውን፣ የባላገሩንና የከተሜውን ወንበር ማስተካከል ነበር።

ከዚህም ጋር ሊታወስ የሚገባው፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ያደጉት እነዚያ ተጫዋቾች ዲፕሎማ የሌላቸው ሊቃውንት መሆናቸው ነው። ዩኒቨርሲቲው እነርሱን ወደ ግቢው ሲያስገባ፣ ዕውቀት በማኅተም ብቻ እንደማይመሰከር በሥራ አሳየ። ከሐሊም በኋላ ጆን ኮ፣ ቻርልስ ሰተንና ተስፋዬ ለማ በየተራ መሩት፤ በ1961 ዓ.ም. ቡድኑ በአሜሪካ እየተዘዋወረ ለዚያ አገር ሕዝብ የኢትዮጵያን ዜማ አሰማ።

ስለ መምህራኑ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ሁለቱን ብቻ ላንሣ። መንግሥቱ ለማ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነበር፤ የአባቱን የቅኔ ቤት ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በመጽሐፍ ያኖረ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበብ ትምህርት ክፍል እስከ ዕረፍቱ ያስተማረ ሰው ነው። ደበበ ሰይፉም ግጥምን በብዕሩ እየጻፈ በጠመኔው ያስተምር ነበር። ሁለቱም የሚያስተምሩትን ራሳቸው የሚሠሩ መምህራን ነበሩና፣ ተማሪው የቤቱን ምጣኔ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጸሐፊው ከራሱ ይማር ነበር። ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የነበሩት፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ያስተማሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ዘመን ወደ ዩኒቨርሲቲው መግባታቸው የዘገየ ቢሆንም የተገባ ነበር።

ዛሬ የሥዕሉ፣ የዜማውና የቴአትሩ ትምህርት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ በስድስት ኪሎም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና የዜማ መሣሪያዎችን ይጠብቃል። የጎደለው ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ለሕዝብ ተከፍቶ የሚታይበት፣ ተማሪውም የጻፈውን ሳይፈራ በመምህራኑና በባለሥልጣኑ ፊት የሚያነብበት የጸደይ በዓል ነው። የኮሌጅ ቀን በዘመናዊ መልኩ ይመለስ ዘንድ የምጠይቀው ለትዝታ ስል አይደለም፤ የዛሬው ወጣት ሐሳቡን በስልክ መስኮት ብቻ እየወረወረ፣ የሚሰማው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ሳያይ ያድጋልና ነው። የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ለበዓሉ በዓመቱ የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ቋሚ ቀን ይቁረጥለት፤ የሚዳኙትም ገጣሚያንና የቅኔ መምህራን ይሁኑ፤ የተነበበውም ሁሉ፣ የሚያስደስተውም የሚያስቆጣውም፣ ሳይቆረጥ ታትሞ በጥናት ተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።