መምህራን ያጣው ትምህርት ቤት

ጃፓናዊው ካዙዎ ኡሜዙ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በተከታታይ ያወጣው «ተንሳፋፊው የመማሪያ ክፍል» የተባለው የሥዕል ልብ ወለድ፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹና ከነመምህራኑ ወደ መጪው ዘመን መወርወሩን ይተርካል። ምድር በሰው ልጅ ጥፋት በረሓ ሆናለች።

አዋቂዎቹ ያዩትን ማመን ተስኗቸው አእምሯቸው ሲታወክ፣ ልጆቹ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ሾን መሪ አድርገው የራሳቸውን መንግሥት ያቋቁማሉ፤ ሥራ ይደለድላሉ፤ ያላቸውን ምግብና ውሃ ይቈጥባሉ። ይሁን እንጂ ረሃብ፣ በሽታና ፍርሃት እርስ በርሳቸው ያጋድሏቸዋል፤ ብዙዎቹም ያልቃሉ።

ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም፣ ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪው የሚያነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነው። የተረፉትን ልጆች ያቆማቸው በቃል ያጠኑት ትምህርት ሳይሆን፣ ተመካክሮ መወሰንና ኃላፊነትን መሸከም ነው። ተማሪው ይህንን መምህሩ አጠገቡ ሳለ ካልተለማመደ፣ መምህሩ በሌለበት ቀን ከወዴት ያመጣዋል?