የራምቦ ቤት ባለቤት

ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆቼ «ሐረር ልንሄድ ነው» ባሉኝ ቁጥር አንድ ነገር ሹክ እላቸዋለሁ፦ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጁገል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ፎቅ የራምቦ አይደለም።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ቡናና ቆዳ በሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። በ1891 ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ፣ ገና በ37 ዓመቱ። ፎቁን ያሠራው ግን ከእሱ በኋላ የመጣ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ በስፍራው ቀድሞ በነበረ ቤት ኖሯል ይባላል፤ ስሙ እንደዚያ ተጣብቆ ቀረ። አስጎብኚው ይህን አያጣውም። ከፓሪስ ድረስ ባለቅኔ ፍለጋ የመጣን እንግዳ ግን ማን ያሳዝነዋል? ጉርሻም አለ።

ፎቶዎቹን ቶሎ እዩና (ራምቦ ራሱ ያነሳቸውም አሉበት) ወደ ላይ ውጡ። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቱ ባለቀለም መስታወት ነው። ከዚያ ወደ ደጅ ውጡና የቤቱን ፊት ለፊት እዩት። የሐረሪ ቤት ለጎዳናው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግቢው የሚዞር ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ከተማዋን ከያዙ በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ግን የእንጨት ሰገነታቸውን ወደ መንገዱ አወጡት። ነጋዴ ካልታየ ምኑን ነገደ!

ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። ሰው ሁሉ የንጉሡን ስም እየሰማ ሲገባ፣ ከበሩ በላይ የተቀረጸውን፣ የዝሆን ራስ ያለውን የሕንዶች አምላክ ጋኔሽን ሳያይ ያልፋል።

ጣና ዳርም ያው ነን። ጎርጎራ ላይ ስለ ዐፄ ሱስንዮስና ስለ ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እናወራለን፤ በዚያ ዘመን ለግንብ ኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከሕንድ የመጣ ግንበኛ መሆኑን ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ጽፈው ሳለ፣ እሱን የሚያነሳው የለም።

እና ጁገል ስትደርሱ አስጎብኚውን ስለ ራምቦ አትጠይቁት፤ እሱን በቃሉ ይወጣዋል። ስለ ነጋዴው ጠይቁት። መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያችኋል፤ ጉብኝቱ ከዚያ ወዲያ ነው።