ከሳሹ ሲከሰስ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2015 በእስራኤል ሆሎን ከተማ የደንብ ልብሱን የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ተደበደበ። ታስሮ የተወሰደው ግን ራሱ ተደብዳቢው ነበር፤ ፖሊስ ደብድበሃል ተብሎ። ነገሩን የገለበጠው በአጋጣሚ የቀረጸው የጥበቃ ካሜራ ነው። በሳምንቱ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ ወታደሩን ጠርተው አቀፉት። በጁን ወር በፖሊሱ ላይ የተከፈተው መዝገብ ያለ ክስ ተዘጋ።

አገሪቱ ተቆጣጣሪ አጥታ አይደለም። ፖሊስን የሚመረምረው፣ በዕብራይስጥ ምሕጻሩ «ማሐሽ» የሚባለው መምሪያ ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር አለ። ከዚያ በፊት ፖሊስን የሚመረምረው ፖሊስ ነበር። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የማሐሽ መርማሪዎች ከዚያው ከፖሊስ በውሰት የመጡ ነበሩ። ሥልጣኑም ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል ላይ ብቻ ነው። ስድቡ፣ ማመናጨቁ፣ ያለ ምክንያት ማስቆሙ ተመልሶ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ወጣቱን በየቀኑ የሚያማርረው ደግሞ ይኸው «ቀላል» የተባለው ነው።

አቤት ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ፖሊስ መታኝ ያለ ሰው ፖሊስ ሰድበሃል፣ ሥራ አደናቅፈሃል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። በ2018 ፕሬዚዳንት ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ እንዲህ ባሉ ጥፋቶች የተቀጡ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ጋበዙ። ቅን እርምጃ ነው፤ ግን ይቅርታ የተደረገው ለአቤት ባዩ ነው፤ በዳዩ አልተጠየቀም።

ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በ2016 ዘረኝነትን የሚያጣራ ሪፖርት አወጣ። በዚያው ሰሞን የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን አብልጦ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አድርገው ቁጣ ቀሰቀሱ። በኮሚቴው ምክር የተቋቋመውን ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነው የመሩት ቤተ እስራኤላዊው ጠበቃ አወቀ ዜና ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖም ጁን 30 ቀን 2019 በሃይፋ ከተማ ቂርያት ሃይም ሰፈር ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ተኩሶ ገደለ። መንገዶች በሰልፈኛ ተዘጉ፣ መኪኖች ተቃጠሉ።

አቤት ባዮቹ በዚያ ዓመት ሌላም በር አንኳኩ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤትን። «ቴበካ» የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የሕግ ድጋፍ ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ ላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 ውሳኔ ሰጠ። ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ የፈቀደው መመሪያ ሕጋዊ መሠረት የለውም አለ። ይህም ማሐሽ የማይነካውን፣ የጎዳናውን «ቀላል» ጉዳይ የነካ ፍርድ ነበር።