ስለ ኔትወርክ ገመድ አመራረጥ

በዛሬው ንግግራችን ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር፣ ቤትንም ከኢንተርኔት ስለሚያገናኘው ስለ ኔትወርክ ገመድ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ፣ ለሐረር ሰው ሽቦ እንግዳ አለመሆኑን ላስታውሳችሁ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋራ ያገናኘ ነበር። ያን ጊዜ በሽቦው የሚመላለሰው የሰው ድምፅ ነበር፤ ዛሬ ግን የነጋዴው ሒሳብ፣ የሐኪሙ ማስረጃ፣ የተማሪውም ፈተና ሳይቀር በሽቦ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ የሚታወስ ነው። በፈተና መካከል በአንድ ደካማ ገመድ ምክንያት መስመር ቢቋረጥ፣ ተማሪው ያጣውን ደቂቃ ማን ይመልስለታል?

«ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በታጠረው ግንብ ውስጥ፣ ማለት በጁገል የሚኖር ሰው መልሱን ከገዛ ቤቱ ያገኘዋል። የጥንቱ የሐረር ቤት ግድግዳው ከድንጋይ የተሠራና ወፍራም ስለ ሆነ ነዋሪውን ከቀን ሐሩርና ከሌሊት ብርድ ይጠብቀዋል፤ ይኸው ደግ ጠባዩ ግን የዋይፋይን ሞገድ ያደክመዋል። በፊተኛው ክፍል ጠንካራ የነበረው ሞገድ ሁለት ግድግዳ ካለፈ በኋላ ይመነምናል። ስለዚህ አንድ ገመድ እስከ ውስጠኛው ክፍል ማድረስና በዚያ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሠራጫ መትከል ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

ገመዱን ስትልጡት በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተገምደው ታገኛላችሁ። መገመዳቸው ለጌጥ አይደለም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር ያስመዘገበው ብልኀት ነው። በአጠገቡ ያለ የመብራት መስመር ሁከት ሲልክ፣ ሁከቱ በተገመዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ ደግሞ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለ ሆነ ሁከቱ ዋጋ ቢስ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ባለሙያው ጫፉን ሲያስር ጥንዶቹን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈታቸው መጠንቀቅ አለበት።

ገመዶቹ «ካት» በሚል ቃልና በቁጥር በየማዕረጋቸው ተለይተዋል። ካት 5ኢ የሚባለው በሰኮንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ይህንኑ በበለጠ ጥራት ይሠራል፤ ርቀቱ ከ55 ሜትር ካልበለጠና ሁኔታው ከተመቸ 10 ጊጋቢት ሊያስተላልፍ ይችላል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢቱን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ነገር ግን ወፍራምና ለመተጣጠፍ አስቸጋሪ ነው። ካት 8 የተባለው 40 ጊጋቢት ቢያሳልፍም ርቀቱ ከ30 ሜትር አይበልጥም፤ የተሠራውም ለታላላቅ የመረጃ ማከማቻዎች እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይደለም። በየቤቱ የሚገባው የኢንተርኔት ፍጥነት በአብዛኛው ከ1 ጊጋቢት እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ለቤትና ለትንሽ ሱቅ እውነተኛ ካት 6 ይበቃል፤ ካት 5ኢም ቢሆን አያሳፍርም። ብዙ ኮምፒዩተር ላለው ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም መሥሪያ ቤት ግን በዋና ዋናው መስመር ካት 6ኤ መዘርጋት ለነገው ማሰብ ነው።

እስካሁን «እውነተኛ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ሁሉ ንግግር ፍሬ ነገር በዚህች ቃል ላይ ነውና አስተውሉ። አንድ ወዳጄ ለሱቁና ለዕቃ ቤቱ የጥበቃ ካሜራ ሲያስተክል «ካት 6» የሚል የተጻፈበትን ጥቅል በርካሽ ገዛ። ካሜራዎቹ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከኔትወርክ ገመድ ነበር። ቀን ቀን ያለ እንከን ይሠሩ ነበር፤ ሲመሽ ግን ሩቅ ያለው ካሜራ ደጋግሞ ይጠፋል። ካሜራውን ለወጠ፤ ስዊቹንም ለወጠ፤ ገንዘቡ ባከነ እንጂ በሽታው አልተፈወሰም። በመጨረሻ ገመዱ ተቆርጦ ሽቦው በቢላዋ ቢፋቅ፣ ከላይ ቀይ መስሎ የታየው ከውስጥ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ለካስ መዳብ የተቀባ አሉሚንየም ኖሯል! አሉሚንየም ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክን ያግዳል፤ ካሜራውም ሌሊት የጨለማ ማያ መብራቱን ሲያበራ ተጨማሪ ኃይል ስለሚፈልግ፣ በረዥሙ መንገድ የተዳከመው ኃይል አልበቃው አለ። ስለዚህ ሌባ በሚነቃበት ሰዓት ጠባቂው ያንቀላፋ ነበር።

ይህን የመሰለ ጉዳት እንዳይደርስባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ፣ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በቢላዋ ፋቁ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ሁለተኛ፣ ጥቅሉን አንሡት፤ 305 ሜትር የሚይዘው የመዳብ ጥቅል ክብደት ያለው ነው፤ የአሉሚንየሙ ግን በግልጽ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ እጠፉት፤ አሉሚንየሙ ቶሎ ይሰበራል። ከዚህም በላይ፣ በተለይ ኃይል በሚያመላልስበት ጊዜ፣ የአሉሚንየሙ ገመድ ከመዳቡ ይልቅ እንደሚሞቅ አትዘንጉ።

ቀጥሎ የሚታሰበው ቦታው ነው። ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ ጠቅላላው ርቀት ከ100 ሜትር አይለፍ፤ ቢያልፍ በመካከሉ ስዊች ይግባ። ገመዱ በጣራና በግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ፣ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ልባስ ያለውን ግዙ፤ የቤት ውስጡ ልባስ በፀሐይ ይሰነጣጠቃልና። ከመብራት መስመር ጋራ በአንድ ቱቦ አታሳልፉት። በብረት መሸፈኛ የተጠቀለለው ዓይነት ሞተርና ከባድ መኪና ባለበት ስፍራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መሸፈኛው በደንብ ከመሬት ጋራ ካልተያያዘ ጥቅሙ ይቀራል። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ለሚሻገር መስመር መዳብ የመብረቅን ኃይል ሊያስገባ ስለሚችል፣ በብርሃን የሚሠራው የፋይበር ገመድ ይመረጣል።

በጁገል ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። ስለዚህ ለአንድ ገመድ ሲባል የጥንቱን ግድግዳ ከመብሳት ይልቅ፣ ገመዱን በበሩ መቃንና በጣራው ወራጅ ጥግ ማሳለፍ ይገባል፤ መብሳት ግድ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ የቅርስ ጥበቃን መሥሪያ ቤት ማማከር ያስፈልጋል። ገመድ በየጊዜው ይለወጣል፤ የአባቶች ግድግዳ ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ አይመለስም።

ውድ አንባብያን፤ በማኪና ግርግር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ለወፍራሙ ካፖርትና ለስሱ ቀሚስ አንድ ዓይነት ክር አይመርጥም፤ ለሁለቱም ግን የበሰበሰ ክር አይገዛም። የኔትወርክ ገመድም እንዲሁ ነው። ማዕረጉን እንደ ሥራችሁ መጠን ምረጡ፤ በመዳቡ ነገር ግን ከማንም ጋራ አትደራደሩ። በልባሱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ እውነቱን የሚነግራችሁ በቢላዋ የተፋቀው ሽቦ ነው።