የባሕሩ ወሬ ከደጋ ነው የሚወርደው

ኪሌሌሽዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ የናይሮቢ ሰፈር ነውና ሱናሚ የሚደርስበት መንገድ የለም። ነዋሪው ግን፣ በመካከሉ ያለው ሐበሻም ጭምር፣ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በባቡርም በመኪናም ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ወደ ዲያኒ፣ ዋታሙና ማሊንዲ ይወርዳል። በሕንድ ውቅያኖስ ከ220,000 በላይ ሰው የጨረሰው ሱናሚም የደረሰው ልክ በዚያው ሰሞን ነበር፤ በበዓሉ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን 1997።

የዚያን ዕለት ሱማትራ አጠገብ መጠኑ 9.1 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ በምሥራቅ አፍሪካ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ማዕበሉ ኬንያ የገባው ቀትር አካባቢ ነው። በመካከሉ ስምንት ሰዓት ያህል አለ። በውቅያኖሱ ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ባይኖርም የታይላንድና የስሪላንካ እልቂት በቴሌቪዥን ይታይ ስለነበር የኬንያ ፖሊስ ሰዉን ከባሕር ዳርቻዎች አስወጣ። በኬንያ የሞተው አንድ ሰው ነው፣ ዋታሙ ላይ። ወሬውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መንግሥት ባልነበራት ሶማሊያ ግን፣ በተለይ በሃፉን፣ 300 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ።

«ኬንያን ያተረፋት ዕድል እንጂ ፖሊስ አይደለም» የሚል ይኖራል፤ ግማሽ እውነት አለው። በሶማሊያ ዳርቻ ከአምስት ሜትር በላይ የወጣው ውሃ ኬንያ ሲደርስ ደክሞ ነበር፤ የደረሰውም ባሕሩ በተፈጥሮው ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት አካባቢ ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ባሕር ላይ ይደረብ ነበር። ዕድል ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ አይሰጥም። በእጃችን የሚቀረው ወሬው በሰዓቱ መድረሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም የምለው በሌላ አገር የሠራው ብልሃት እዚህ ስለማይሠራ ነው። ሱማትራ አጠገብ ባለችው ሲሙሉዌ ደሴት አያቶች እ.ኤ.አ. የ1907ቱን ሱናሚ በተረትና በዜማ ሲያወርሱ ስለኖሩ መሬቱ እንደተንቀጠቀጠ ሕዝቡ ኮረብታ ወጣ፤ ከ78,000 ገደማ ነዋሪ የሞተው 7 ሰው ነው። ዋታሙ ላይ ግን የሱማትራ መንቀጥቀጥ ለማንም አይሰማም። «ባሕሩ በድንገት ሲሸሽ ሩጥ» የሚለው ሁለተኛው ምልክትም እንግዳን ያሳስታል፤ በኬንያ ዳርቻ ውሃው በየቀኑ እየሸሸ የኮራሉን አለት ያጋልጣልና፣ ከደጋ የወረደ ሰው የዘወትሩን ሽሽት ከአደጋው በምን ይለየዋል? እንዲያውም ፎቶ ሊነሣ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ናይሮቢ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሕንድ፣ አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ ያሉ ማእከሎች ለውቅያኖሱ አገሮች ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። በኬንያ የሚቀበለው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚገኘው ንጎንግ ጎዳና ላይ፣ ዳጎረቲ ኮርነር፣ ከኪሌሌሽዋ ብዙም ሳይርቅ ነው። እስከዚህ ድረስ መልእክቱ በደቂቃዎች ይደርሳል። የመልእክቱ ክር የሚሳሳው ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጁ ጀልባና ወደ ሆቴሉ ዘበኛ ሲወርድ ነው።

በከንቱ ማስደንገጥስ? በኤፕሪል 2012 ሱማትራ አጠገብ 8.6 የሆነ መንቀጥቀጥ ለውቅያኖሱ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ቢያስወጣም አጥፊ ማዕበል አልመጣም፤ የባሕሩ ወለል ወደ ጎን ተንሸራተተ እንጂ ወደ ላይ አልተነሣም። ይህ በመጀመሪያው ደቂቃ አይታወቅም፤ የጥቂት ሰዓት መስተጓጎል ለዚህ የሚከፈል ርካሽ ዋጋ ነው። «ናይሮቢን የሚገድላት ጎርፍ ነው፣ ገንዘቡ ለዚያ ይዋል» ለሚለውም፣ በ2024 የበልግ ዝናብ በኬንያ ከ250 በላይ ሰው ሲሞት የሳሳው ክር ያው ነበር፤ ትንበያው ወጥቷል፣ ወንዝ ዳር የተኛው ግን አልተነሣም። አንዱን ክር ማጠንከር ለሁለቱም ነው።

ዘንድሮ ወደ ባሕር የምትወርዱ፣ ሆቴል ስትገቡ ከፍታው በየት በኩል እንደሆነና ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ማን እንደሚነግራችሁ ጠይቁ። ጥሪ ከመጣም መኪና ሳትጠብቁ በእግራችሁ ውጡ፤ ከፍታው ከራቀ ጠንካራ ፎቅ ላይ ውጡ። የመጀመሪያው ማዕበል ብዙ ጊዜ ትልቁ አይደለምና፣ ባለሥልጣኑ «አብቅቷል» ሳይል ለሻንጣ ብላችሁ አትመለሱ።