የስንብታቸው ቀን፦ በጫግኒ የአዕዋፍን ዓመት ስለ መመዝገብ

ከእንጅባራ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ወደ መተከል ቆላ ከመዝለቁ በፊት የሚያገኛት የጫግኒ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋውና በቆላው መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የሁለቱንም አየር ነዋሪዎች የሆኑ አዕዋፍ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ለማየት የምታስችል መካን ናት። በላይ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በየትም የማይገኘው ምንቃረ ወፍራም ቁራ ይኖራል፤ በታች ወደ በለስ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ የቆላ ቀርከሃና የሣር ምድር እየበዛ ሄዶ የወፉም ነገድ፣ ድምፁም፣ ላባውም ይለወጣል።

ከእነዚህ ባለ አገሮች ሌላ በየዓመቱ የሚመጡ እንግዶች አሉ። በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መካከል 200 ያህሉ በአውሮፓና በእስያ ተፈልፍለው፣ የዚያ አገር ብርድ ሳይጠናባቸው ቀይ ባሕርንና በረሓውን ተሻግረው ወደ እኛ የሚመጡ፣ ወይም በእኛ ላይ አልፈው ወደ ደቡብ የሚዘልቁ ናቸው። ንስሮችና ሽመላዎች፣ ከምድር በሚነሣው ሞቃት አየር ተደግፈው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚንሳፈፉ በመሆናቸውና ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ፣ ባሕሩ በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብና በስዊዝ በኩል ይሻገራሉ፤ በዚህ በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መንገድ የሚያልፉት እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊዎች 37 ዓይነት፣ በቁጥርም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ይነገራል። ትንንሾቹ ግን አብዛኞቹ በሌሊት፣ ከዋክብትንና የምድርን የማግኔት ኃይል እየተመሩ፣ በሰፊው ሰማይ ተበትነው ይጓዛሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በትንቢቱ 8ኛ ምዕራፍ ሕዝቡን በወቀሰ ጊዜ የሽመላንና የዋኖስን ጊዜ ማወቅ በምሳሌነት ያነሣው ይህን ሥርዓት አይቶ ነው።

የወፍ ዓመታዊ መዝገብ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ያየውን የወፍ ዓይነት ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ጨምሮ በደብተር ያሰፍራል፤ ዓመቱ ሲፈጸም ይዘጋና በአዲሱ ዓመት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ይህ ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ ወደ እሽቅድምድም አድጎ፣ ኖዋ ስትራይከር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ዓለምን ዞሮ 6042 ዓይነት ወፍ ሲመዘግብ፣ በሚቀጥለው ዓመት አርያን ድዋርስሃውስ የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ቁጥሩን 6852 አድርሶ በልጦታል። የእነዚህን ሰዎች ትጋት ማድነቅ ተገቢ ቢሆንም፣ በአንድ ስፍራ ለሚኖር ሰው የመዝገቡ ክብር ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ ከቀኖቹ እውነተኛነት የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ። በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ አውራጃ የኖረው ባለርስት ሮበርት ማርሻም እ.ኤ.አ. ከ1736 ዓ.ም. ጀምሮ ቅጠል የሚያቆጠቁጥበትንና ወፎች የሚመለሱበትን ቀን በየዓመቱ ይጽፍ ነበር፤ ዘሮቹም እስከ 1958 ድረስ ተከትለውት ስለ ጻፉ፣ ዛሬ የአየር ጠባይ ለውጥን የሚመረምሩ ሊቃውንት ያንን የአንድ ቤተሰብ ደብተር እንደ ታላቅ ምስክር ይጠቅሱታል።

ጫግኒ ያለችበት የአዊ ምድርም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን፣ ጣናን ዞሮ የዓባይንም ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ያነሣ አሳሽ መሆኑ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ የታወቀ ቢሆንም፣ ከዚያው ጋር የአዕዋፍ ተመራማሪ ነበረና፣ ከዊልያም ስክሌተር ጋር ሆኖ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወፎች ያዘጋጀው ጥናት «አይቢስ» በተባለው የእንግሊዝ የአዕዋፍ መጽሔት በ1935ና በ1936 ወጥቷል። በዚያ ዘመን የተመራማሪው መሣሪያ ጠመንጃ ነበረ፤ ወፉ ተገድሎ ቆዳው ካልተቀመጠ ምስክርነቱ አይታመንም ነበር። ዛሬ ይህ ግዴታ ቀርቶ እርሳስ፣ ደብተርና ከተገኘም ባይኖኩላር መብቃታቸው እጅግ የሚያስደስት ነው። ከቺዝማን በኋላ ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ተጓዥ ምሁር የሚያውቀው ያለፈበትን ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ ወፉ መቼ ገብቶ መቼ እንደ ወጣ ለመናገር ከዚያው የማይነቃነቅ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ደግሞ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሌሎች ያላገኙት ብልጫ አለው። በጃንዋሪ የሚጀምር መዝገብ በእኛ አገር ቢያዝ፣ እንግዳዋ ወፍ በመስኩ ላይ ሰፍራ ሳለች ዓመቱ በላይዋ ስለሚለወጥ፣ መምጣቷ በአንዱ ደብተር፣ መሄዷ በሌላው ይጻፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን፣ በነሐሴ ከሚቀድሙት ጥቂቶች በቀር፣ እንግዶቹ ከዕንቁጣጣሽ ወዲህ በመስከረምና በጥቅምት ይገባሉ፤ በጋውን ያሳልፋሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይሄዳሉ። ስለዚህ የአንዲት ወፍ እንግድነት ከመግቢያው እስከ ስንብቱ በአንድ ዓመት መዝገብ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያንም ዘመኑን በአራት ክፍል ስትከፍል ጸደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለምታደርገው፣ የስንብቱ ወራት በጋው ከጸደዩ ጋር በሚገናኝበት፣ ብዙውን ጊዜም በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ሰው በጾም ሥጋውን በሚያደክምበት በዚያ ሰሞን ወፏ በተቃራኒው ትበላለች፤ የምትሻገረው በረሓ እህል ውሃ የሌለበት ነውና፣ ለመንገዷ የሚሆነውን ስብ በደረቷና በሆዷ ታከማቻለች።

የመሄጃዋን ጊዜ በምን ታውቃለች? በሰሜን አገር የቀን መርዘምና ማጠር ይነግራታል፤ በጫግኒ ግን በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ኤበርሃርድ ግዊነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ትንንሽ ወፎችን ብርሃኑ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ አኑሮ ሲመረምራቸው፣ የጉዞአቸው ወራት በደረሰ ጊዜ ከውጭ ምንም ምልክት ሳያዩ ይሰቡና በሌሊት ይቅበጠበጡ ነበር፤ በዚህም በሰውነታቸው ውስጥ ዓመቱን የሚቆጥር የተፈጥሮ ሰዓት መኖሩ ታወቀ። ክብደቷ 25 ግራም ያህል የሆነች አንዲት የድንጋያማ ሜዳ ወፍ ከአላስካ ተነሥታ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ 14500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትጓዝ፣ በጀርባዋ በታሰረ ረቂቅ መሣሪያ መረጋገጡን ለሚያስብ ሰው፣ በዕለተ ኀሙስ የተፈጠሩት የእነዚህ ፍጥረታት ነገር ከግምት በላይ ነው።

በጫግኒ መዝገብ ለሚጀምር ሰው ቀዳሚ አድርጌ የምመክረው ጅራቷን ሳታቋርጥ የምታወዛውዘውን ትንሽ ቢጫ ወፍ ነው። ይህች ወፍ ከብት ሲግጥ ከሣሩ የሚነሣውን ነፍሳት ለመልቀም ከላሞች እግር ሥር ስለማትርቅ፣ በግጦሽ መሬት ሁሉ ትታያለች፤ በጓንጓ ወረዳ የፎገራን ዘር ለመጠበቅ የተቋቋመው የመተከል ከብት ማራቢያም ያለው በዚሁ አካባቢ ነው። በመስከረም ስትመጣ ላባዋ የደበዘዘ ስለ ሆነ አንዷን ከሌላዋ መለየት ያስቸግራል። ወደ የካቲት መጨረሻ ግን ወንዶቹ አዲስ ላባ ለብሰው የየነገዳቸው ምልክት በራሳቸው ላይ ይወጣል፤ ራሱ እንደ ከሰል የጠቆረው ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ አገር፣ ጥቁር ግራጫው ወደ ስካንዲኔቪያና ወደ ሰሜን ሩስያ የሚመለስ ነው። እንግዲህ እረኛው በአንድ መንጋ መካከል ቆሞ፣ መንገዳቸው እጅግ የተራራቀ ወፎችን ለይቶ ሊቆጥር ይችላል። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይነሡ፣ የየራሱን ቀለም በየዓምዱ ለብቻ የጻፈ ሰው የእያንዳንዱን ነገድ መሄጃ ያገኛል።

ችግሩ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። አዲስ መጤ ወፍ በታየች ጊዜ ሰው ወዲያው ያውቃታል፤ ደስ ብሎት ይጽፋል። የምትሄደው ወፍ ግን ሳትነግር ትሄዳለች፤ የመጨረሻዋ መሆኗም የሚታወቀው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ከየካቲት ወዲህ፣ የለመድናትንና የሰለቸናትን ወፍ ጭምር፣ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ብቻ እየሄዱ መጻፍ፣ ያልታየችበትንም ቀን «አልታየችም» ብሎ ማስፈር ግድ ነው። ባዶው ዓምድ ከሞላው ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በዚህ ነጥብ በስንፍና ነውና አጥብቄ እናገራለሁ።

በዚሁ ትጋት የሚፈታ አንድ የቆየ ነገር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚልን ሰው ከመስቀል ወፍ ጋር እናስተያየዋለን። ሆኖም ብዙ ሰው በዚህ ስም የሚጠራቸው፣ በክረምቱ መውጫ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው በሣሩ ላይ የሚታዩት ወንድ ወፎች፣ ከሩቅ አገር የመጡ አይደሉም፤ የመራቢያ ወራታቸው ሲያልፍ ያን ልብሰ መንግሥት አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ስለሚሆኑ ከድንቢጥ ጋር ተመሳስለው ይሰወራሉ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ናቸው። በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ላባቸው በከፊል ሲቀየር፣ ዥጉርጉር ሆነው በዓይኑ ያገኛቸዋል።

ስም አለማወቅ ማንንም ከዚህ ሥራ ሊያግደው አይገባም። የምንቃሯን ቅርጽ፣ የእግሯን ቀለም፣ የተቀመጠችበትንና የምትበላውን ጽፎ በጎኑ ሥዕሏን መንደፍ፣ ሽማግሌዎችንም ጠይቆ በአገውኛና በአማርኛ የምትጠራበትን ማስፈር ይቻላል፤ የሳይንሱ ስም በኋላ ከመጽሐፍ ይገኛል። በየደብሩ ዙሪያ ተጠብቆ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ደን ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ በአካባቢው ያለው የዶንዶር ፏፏቴ ዳርም እንዲሁ።

ሰሜናውያኑ ተጠቃለው በሚሄዱበት በሚያዝያና በግንቦት፣ መዝገቡ ከቶ አይዘጋም፤ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ የሆነችው ሽመላ ዝናሙን ተከትላ ከደቡብ አፍሪካ በኩል ትመጣለችና፣ በመንደር አጠገብ ባሉ ዛፎች ላይ ጎጆ መሥራቷ ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ጳጉሜን ሲያልቅ ደብተሩ በሁለት ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጅ በከተማው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወደ አዲስ አበባ ይላክ።