ይህ መጫወቻ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?

በመጫወቻ ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ በቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና «0-3» የሚል ጽሑፍ፣ በላዩም የሰረዘው ቀይ መስመር። ይህን ያየ ወላጅ «ጨዋታው ይከብዳል ማለት ነው» ይልና «የኛ ልጅ ግን ፈጣን ናት፣ በሁለት ዓመቷም ትችለዋለች» ብሎ ይገዛል። ምልክቱ ግን የተቀመጠው ለጉሮሮ ነው። መጫወቻው ወይም ከላዩ የተነቀለ ነገር ተውጦ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል ማለቱ ነው። ልጅቱ የቱንም ያህል ብልህ ብትሆን የአየር ቧንቧዋ እንደ እኩዮቿ ጠባብ ነው።

«ትንሽ» የሚባለው ስንት ነው? በአሜሪካ ሕግ መለኪያው አንድ ሲሊንደር ነው። አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ታቹ በሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ25.4 እስከ 57.1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መጫወቻው ወይም የወለቀ ክፍሉ ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ ከገባበት፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተብሎ አይሸጥም። ቤት ውስጥ ይህን የሚተካው ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው የካርቶን ቱቦ ነው። ከሕጉ መለኪያ ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በዚያ ያለፈውን ሁሉ ለትንሽ ልጅ አትስጡ። ከመለካታችሁ በፊት ግን የአሻንጉሊቱን ዓይን፣ የመኪናውን ጎማ፣ የተሰፋውን ቁልፍ ይዛችሁ ሳብ፣ ጠምዘዝ አድርጉ። ሕፃኑም ሲያገኘው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ያውም በጥርሱ።

ካርቶኑ አደጋውን ይነግራችኋል እንጂ የሚስማማውን አይነግራችሁም። የሚስማማውን የሚናገረው የልጁ ሰውነት ነው፤ በዚህ ወር ምን እየተለማመደ እንደሆነ ማየት ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት የሚገኝበት ርቀት ማለት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ከእናትና ከአባት ፊት የሚበልጥ መጫወቻ የለም። የሚታይ ነገር መስቀል ከፈለጋችሁም ከገረጣ ሮዝና ሰማያዊ ይልቅ ጥቁርና ነጩ ጎልቶ ይታየዋል። ከአራት ወር ወዲህ እጁ መጨበጥ ይጀምራል፤ የጨበጠው ሁሉ አፍ ይገባል። ይህ መጥፎ ልማድ አይደለም። አፉ የነገሩን ልስላሴ፣ ጥንካሬና ቅርጽ የሚመረምርበት ዋና መሣሪያው ነው። የሚፈልገው ሲነቀንቁት የሚንሿሿ፣ በውኃና ሳሙና የሚታጠብ፣ ቀለሙ የማይላቀቅ ነገር ነው። በቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ ለልጅ አንጎል ደግሞ ጥቂት ነው የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ቀለሙ የሚቀረፈውን መጫወቻ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተዉት።

በስምንትና ዘጠኝ ወር አካባቢ አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል፤ ከዓይን የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ ልጁ ይረዳል። ይህን በዝርዝር የጻፈው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ነው። ማንኪያ በነጠላ ሸፍኑበት፤ ከዚህ ወር በፊት ፊቱን ያዞር የነበረው ሕፃን አሁን ነጠላውን ይገልጣል። ማንኪያውን ደጋግሞ ከወንበር ላይ መጣሉም እልክ ሳይሆን ሙከራ ነው። የድስት ክዳን፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ባዶ ሣጥን ለዚህ ዕድሜ ከሱቅ መጫወቻ አያንሱም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚሁ ወቅት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተገናኝተው ትንሽ ነገር ማንሳት ይችላሉ፤ እንግዳ ሲሄድ ምንጣፍ ላይ የቀረው ቆሎ፣ የተበጠሰ ጨሌ፣ የታላቅ ወንድም ብይ ሁሉ አሁን በእጁ ነው።

መራመድ ሲጀምር የሚገፋና የሚጎተት ነገር ደስ ይለዋል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለኝ። ሕፃኑ ውስጡ ተቀምጦ የሚንሸራተትበት ባለ ጎማ ዎከር መራመድን አያፋጥንም፤ ደረጃ ላይ ይጥላል፣ ከእሳትና ከፈላ ውኃ አጠገብ ያደርሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። ቆሞ ከኋላ የሚገፋው ጋሪ ሌላ ነው፤ ክብደቱን በገዛ እግሩ ይሸከማልና። ከዚያ የመደራረቢያ እንጨት ይመጣል። ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ፣ ስንጥር እንዳይኖረው በደንብ ከለሰለሰ፣ ይበቃል። ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ዱፕሎ የተባለውን መደራረቢያ ጡብ ያወጣው ለዚሁ ዕድሜ ነው። ጡቡን በርዝመትም በወርድም በቁመትም እጥፍ አደረገው፤ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ጉሮሮም አይገባም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያለው ዘመን ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ የእቃ እቃ ዘመን ነው። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጀበና ይሆናል፣ ሣር ጎመን ይሆናል፣ ጭቃው ይጋገራል፣ «ቡና ጠጡ» ተብላችሁ ከባዶ ስኒ ትጠጣላችሁ። ልጅቱ እዚህ አንድን ነገር በሌላ ነገር ቦታ ማቆም እየተማረች ነው። ነገ ፊደል «ሀ» የሚለውን ድምፅ እንደሚወክል የምትረዳው በዚሁ ችሎታ ነው። ስለዚህ መጫወቻው ራሱ ብዙ ባልተናገረ ቁጥር ልጅቱ ብዙ ትሠራለች። ቁልፉ ሲነካ የሚዘፍን የፕላስቲክ ምድጃ ከአንድ ዘፈኑ ሌላ የለውም፤ ሦስት ድንጋይ ግን ምድጃም፣ ሱቅም፣ አውቶቡስም ይሆናል።

የሚያወራ መጫወቻ ላይ ያለኝ ቅሬታ በጥናትም ተደግፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸው 26 ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ የተባለውን ቃል ቆጠረ። በኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ጊዜ ወላጅ በደቂቃ 40 ገደማ ቃል ይናገራል፤ እንደ እንጨት እንቆቅልሽና መደራረቢያ ባሉት ጊዜ 56፣ በመጽሐፍ ጊዜ 67። መጫወቻው ሲያወራ ሰው ዝም ይላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ ልጃችሁ አማርኛ እንዲለምድ ለምትደክሙ ይህ ቁጥር በእጥፍ ይመለከታችኋል፤ ያ መጫወቻ የሚያወራው በአማርኛ አይደለምና።

ብዛትም አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕፃናትን አንዴ በ4፣ አንዴ በ16 መጫወቻዎች መካከል አጫወቱ፤ ጥቂት በቀረበላቸው ጊዜ በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፣ በብዙ መንገድም ተጫወቱበት። ለልደት የመጣውን ከፍላችሁ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጡትና በየሳምንቱ ቀያይሩ።

ከአራት ዓመት ወዲያ ሕግ ያለው ጨዋታ ይመጣል፤ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቻል። ስድስት ሲሞላ ገበጣ ግሩም የሂሳብ መጀመሪያ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ ጠጠር፣ አንድ ቁጥር።

በማንኛውም ዕድሜ የማልደራደርባቸው ሦስት ናቸው። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ከአንድ በላይ የተዋጡ ጠንካራ ማግኔቶች አንጀትን በመካከላቸው ይዘው ይበሳሉ። ከሁሉ የምፈራው ክቧን ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ምግብ ቧንቧ ላይ ስትቀር ባትፈስም ኤሌክትሪኳ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ ስለሚያልፍ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ታደርሳለች። የባትሪው በር በብሎን የማይዘጋ መጫወቻ አትግዙ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታስመልሱት፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ሁለትና ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ዕድሜ የሚነበበው ለታናሹ ነው። ትልቁን መከልከል አያስፈልግም። ብዩን፣ ጠጠሩን፣ ትንንሹን ጡብ ጠረጴዛ ላይ ይጫወት፤ ሲያበቃ ቆጥሮ ወደ ከረጢቱ ይመልስ። አንድ ከጎደለ ታናሺቱ መሬት ከመለቀቋ በፊት ይፈለግ።